ዳዊት ስለ ላም አልዘመረም

ወረታ ላይ የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚለያዩበት ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ የነሐሴ መጨረሻ ዝናብ ለቀቀው። ጃንጥላዬን ቤት ረስቼ ወጥቻለሁ። ዝናቡንም፣ ሰው አይተው እንዳላየ የሚያልፉትን ባጃጆችም፣ ረሺውን ራሴንም እየረገምሁ ሮጥሁና አንድ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቤት በረንዳ ሥር ገባሁ። መብራት ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል። የሩዙ ገለባ በየጥጉ ተከምሯል።

ማን እንደሆንሁ ልናገር። እንዳልካቸው እባላለሁ። የትምህርት ቤቶች ሱፐርቫይዘር ነኝ፤ ሌሎች ሲያስተምሩ እየዞርሁ የምቆጣ ሰው ነኝ ማለት ነው። ደመወዝ የሚከፈለኝም ለዚሁ ነው።

በረንዳው ሥር ቀድመውኝ የተጠለሉ ሰዎች ነበሩ። አንዱ የኔታ ኪዳነ ማርያም ናቸው። ርብ ወንዝ ዳር ባለችው በማርያም ደብር የሚያስተምሩ፣ እኔንም ጭምር ፊደል ያስቆጠሩ መምህር ናቸው። አጠገባቸው የልጃቸው ልጅ ናፍቆት ፌስታል በራሷ ላይ አጥልቃ ቆማለች። ዐሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከቦዩ የሚገነፍለውን ውኃ እያየች ጀርባዋን ከግድግዳው ጋር ለጥፋለች።

ልጅቱ ለምን እንደዚያ እንደቆመች የፎገራ ሰው ሁሉ ያውቃል። ሁለት ክረምት ሆነው፤ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሲያለብሰው ውኃው እነሱ ቤት ገባ። አባቷ አበረ ልጁን ቆጥ ላይ አውጥቶ አስቀመጠና ላሚቱን ሊፈታ ተመለሰ። ላሚቱ ተረፈች። አበረ ቀረ። የየኔታ አንድያ ልጅ ነበር።

«እንዴት ዋሉ፣ የኔታ?» አልሁ፣ ጎንበስ ብዬ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት ዋልህ፣ ልጄ? አንተንስ እግዜር ነው ያመጣህ! ነገ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ይሰበሰባል። የትምህርት ሰው ነህና መጥተህ መስክርልኝ። ያችን የሰንበት ትምህርት ቤት ጽሕፈት ላስዘጋት ነው።»

«የምን ጽሕፈት?»

«ልጆቹ ከመጽሐፍ አንዲት ቃል ይሰጣቸዋል። ከዚያ 'ይህን ስታነቡ በልባችሁ የመጣውን ጻፉ' ይባላሉ። ሰምተህ ታውቃለህ? በልባችሁ የመጣውን! የልጅ ልብ ምን አለበት? ብይና ኳስ ነው ያለበት።»

ነገሩ እውነት መሰለኝ። እኔ የማያቸው ልጆች ልባቸው ውስጥ ከዚያ የተለየ ነገር አላየሁም። እመጣለሁ ልል አፌን ስከፍት አንዲት ወጣት እንደ እኔው እየሮጠች በረንዳው ሥር ገባች። የጽሕፈቱ ባለቤት መምህርት ጥሩብርሃን ራሷ ናት። የሐሙሲት ልጅ ናት። በአዘቦቱ የመንግሥት ትምህርት ቤት፣ በእሑዱ ደግሞ በደብሩ ሰንበት ትምህርት ቤት ታስተምራለች። የኔታን ስታይ ደነገጠችና ወደ ዝናቡ ልትመለስ ቃጣት።

«ነይ፣ ነይ፣ ልጄ! ወደዚህ ጠጋ በይ» አሉ የኔታ፣ ጋቢያቸውን አውልቀው እያለበሷት። «ነገ ላስዘጋብሽ ነው፤ ግን ብርድ እንዳይመታሽ።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ የኔታ። እርስዎስ እንዳይበርድዎ?»

«እኔን ንዴቱ አሙቆኛል!»

ሳቄ መጣ። እንዲህ ያለ ጠላትነት በአገራችን ብቻ ያለ ይመስለኛል።

«እስቲ ከሥሩ ንገሪኝ» አልኋት። «ምንድን ነው ይሄ ነገር?»

መምህርቷ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጋ ጀመረች። «ጋሼ፣ እኔ አዲስ ነገር አላመጣሁም። በመጀመሪያው እሑድ 'እግዚአብሔር እረኛዬ ነው፥ የሚያሳጣኝም የለም' የሚለውን ሰጠኋቸው። ስታነቡት ምን ተሰማችሁ፣ ጻፉ አልሁ። በሚቀጥለው እሑድ ሁሉም ጽፈው መጡ። የአንዱም የሌላውም አንድ ነው። 'ከሃምሳ ዓመት አገልግሎት በኋላ፣ ጉልበቴ ደክሞ፣ ዓይኔ ፈዝዞ፣ ጥርሴ ረግፎ ሳለ፣ እነሆ እስከ ዛሬ ቁራሽ አላሳጣኝም' ይላል። የስምንት ዓመት ልጆች ናቸው እኮ! እርግጥ ያንዱ የፊት ጥርሱ ረግፏል፤ የወተት ጥርሱ ነው።»

«ከየት አመጡት?» አልሁ።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ እኔ መጥተው 'የኔታ፣ ምን ተሰማን ብለን እንጻፍ?' አሉኝ። ጥያቄ ይዞ የመጣን ተማሪ ባዶውን መልሼ አላውቅም። ነገርኋቸው።»

«እነሱም ቃል በቃል ጻፉት?»

«ታዲያስ! እንዲያ ነው ያስተማርኋቸው። ከመምህር አፍ የወጣውን አንዲት ቃል አይጨምሩበትም፣ አንዲት ቃል አይቀንሱበትም።» ይህን ሲሉ ደረታቸው ነፋ አለ። ምን ጥፋት አለው የሚል መልክ ነበራቸው።

እዚህ ላይ ግራ መጋባቴ ተጀመረ። ልጆቹ ታዘዙ እንጂ አላጠፉም። የኔታም ረዱ እንጂ አላጠፉም። መምህርቷም የጠየቀችው ቀላል ነገር ነው። ታዲያ ከማንም ጥፋት ሳይገኝ ልጅ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሽማግሌ ሆኖ የቀረው እንዴት ነው?

«ኋላ ግን ባሰ» አሉ የኔታ። ፊታቸው ተለወጠ። «ሁለተኛ ጊዜ ከመዝሙረ ዳዊት 'አቤቱ፥ ውኃ እስከ ነፍሴ ደርሶብኛልና አድነኝ' የሚለውን ሰጠቻቸው። 'ማንንም አትጠይቁ' ብላ አስጠነቀቀቻቸው። ይህቺ ልጅ ምን ጻፈች መሰለህ?»

ናፍቆት ራሷን ደፋች። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግሙ ሁሉ፣ የልጅቱን ጽሑፍ በቃላቸው አወረዱት።

«'ዳዊት ያለውን አውቀዋለሁ። ውኃው መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ ከዚያ ጉልበት፤ ከዚያ ወገብ። አባቴ ቆጥ ላይ አስቀመጠኝና ላሚቱን ሊፈታ ሄደ። አቤቱ፥ እኔን አዳንኸኝ። እሱንስ ለምን ተውኸው? አልተቆጣሁህም። ግን ንገረኝ።'»

 ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። እኔ ያን ጊዜ የተሰማኝን አልደብቅም፤ ዓይኔ እንባ ሞላ። ወዲያው ደግሞ በራሴ ተናደድሁና የዝናብ ውኃ የምጠርግ መስዬ ፊቴን ጠረግሁ።

«አየህ?» አሉ የኔታ። «ዳዊት ስለ ላም አልዘመረም! ይህ የነቢይ ቃል ነው። ውኃ ያለው መከራ ነው፤ አንድም የጠላት ብዛት ነው ብለው አባቶቻችን ተርጉመውታል። ትርጓሜ ለመቀመጥ ስንት ዓመት ነው የሚፈጀው? ንባብ አለ፣ ዜማ አለ፣ ቅኔ አለ። እኔ ከጎጃም ጎንደር ቁራሽ እየለመንሁ፣ ውሻ እየነከሰኝ የተማርሁትን፣ ልጅ በአንድ እሑድ 'እኔ የሚመስለኝ' ትበለው? ክሕደት የሚባል ነገር ሁሉ የተጀመረው 'እኔ የሚመስለኝ' ሲባል ነው። ደግሞስ አምላክ 'ለምን' ይባላል?»

ናፍቆት ቀና አለች። «አባባ፣ ኃጢአት ሠራሁ?»

«ዝም በይ አንቺ!» አሉ። ድምፃቸው ግን ቁጣ ብቻ አልነበረበትም። ፍርሃትም ነበረበት። ልጃቸውን ውኃ ወሰደባቸው፤ የልጅ ልጃቸውን ደግሞ ጥያቄ እንዳይወስድባቸው ፈርተዋል። ይህን ሳውቅ ልቤ ወደ እሳቸው አዘነበለ።

«የኔታ እውነት አላቸው» አልኋት መምህርቷን። «ትርጓሜ የልጅ ጨዋታ አይደለም።»

«አይደለም፣ ጋሼ» አለች ጥሩብርሃን፣ ድምፅዋን ሳታነሣ። «እኔም ተርጉሙ አላልኋቸውም። ውኃ ያለው መከራ ነው የሚለውን ከየኔታ ነው የሚማሩት፤ ማንም አይነካውም። እኔ የምላቸው፣ ቃሉ ይህን ካለ እናንተስ ምን ትመልሱለታላችሁ ነው። ሰው ሲያናግረን መልስ እንሰጥ የለም? እንግዳ 'እንዴት ዋላችሁ' ብሎን ዝም ብንል ብልግና ነው።»

«መልሱ በቃል መያዝ ነው!» አሉ የኔታ። «ልጅ እያለ የያዘው ነው ሲሸመግል የሚቀርለት። አንቺ ግን ያሰቡትን ይጻፉ ብለሽ በቃላቸው የሚይዙትን ታስጥያቸዋለሽ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው የሚሆነው።»

ይህም እውነት ነው። በየትምህርት ቤቱ ስዞር 'አስተሳሰብ እናዳብራለን' ተብሎ አንዲት ግጥም በቃሉ የማይወጣው ልጅ ስንት አይቻለሁ! ጭንቅላቴን ነቀነቅሁ።

«የኔታ፣ እኔስ መቼ የብብታችሁን ጣሉ አልኋቸው?» አለች መምህርቷ። «ቅዳሜ እርስዎ ዘንድ ቁጭ ብለው በቃላቸው ይያዙት፤ ትርጓሜውንም ከእርስዎ ይስሙ። እሑድ እኔ ዘንድ ይጻፉት። ክሕደት ላሉትም፣ ልጅ የተሳሳተ ሐሳብ ቢኖረው በወረቀት ላይ ካየነው እርስዎ ያርሙታል። ካልጻፈውስ ማን ያይለታል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።»

ይህ ደግሞ ከሁሉ የባሰ እውነት ሆነብኝ። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ታዘበኝ፤ ለሁለቱም ጭንቅላቴን እየነቀነቅሁ አንገቴ ደከመ። ምስክር ተብዬ ተጠርቼ ወዲያና ወዲህ የምወዛወዝ የበረንዳው ቆርቆሮ ሆንሁ።

«'ለምን' ማለቷስ?» አሉ የኔታ፣ ቀስ ብለው። «እሱን መልሺልኝ።»

«ዳዊት ራሱ 'አምላኬ፥ አምላኬ፥ ለምን ተውኸኝ' ብሎ የለም?»

«ዳዊት ነቢይ ነው!»

«ጌታችንም በመስቀል ላይ ይህንኑ ብሏል።»

«እሱማ ስለ እኛ ተገብቶ፣ በእኛ ፈንታ ሆኖ ነው! ይህን የማያውቅ አለ?»

«ስለ እኛ ተገብቶ ከሆነ፣ ጥያቄው የእኛ ነው ማለት ነዋ፣ የኔታ።»

 ቅኔ ቤት የዋለ ሰው የተመታበትን ያውቃል። የኔታ ወደ እኔ ዞሩ፤ እኔም ወደ ዝናቡ ዞርሁ።

«የኔታ፣ አይቆጡኝና» አለች መምህርቷ፤ «ያን ጊዜ ለልጆቹ የነገሯቸው፣ ጉልበቴ ደክሞ፣ ጥርሴ ረግፎ ያሉት፣ ትርጓሜ ነበር?»

«የለም፣ ትርጓሜውማ ሌላ ነው። እረኛ ያለው…» ብለው ጀመሩና አቆሙ። «እሱ ስለ ራሴ ነው።»

«ማን ያስተማረዎ ነው?»

«ማን ያስተምረኛል? ቃሉን ሳነበው በልቤ የመጣ ነዋ!» አሉና፣ ያሉትን ራሳቸው ሰሙት። «ወይ ጉድ!» አሉ።

እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። የኔታም ፈገግ ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ሁላችንም ተሳስቀን በተለያየን። ግን ናፍቆት ከግድግዳው ተላቃ ጠጋ አለች።

«አባባ፣ ረቡዕ ረቡዕ ለምን ይፈጥናሉ?»

«ምን?»

«ዳዊት ሲደግሙ። የረቡዕ ድርሻ ላይ 'አድኅነኒ እግዚኦ' የሚለው ሲደርስ ይፈጥናሉ። ሌላው ላይ አይፈጥኑም። ውኃው እንዳይደርስብዎ ነው?»

ልጅ ይህን ከየት አመጣችው ብዬ ተገረምሁ። መልሱ ቀላል ነበር። በየቀኑ አጠገባቸው ቁጭ ብላ ስትሰማ የዳዊቱን ዜማና ልክ በጆሮዋ ይዛዋለች። የት እንደሚያርፉ፣ የት እንደሚረዝሙ ታውቃለች። የኔታ ራሳቸው ናቸው እንዲያ እንድትሰማ ያደረጓት።

የኔታ ከአንድ የሩዝ ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ።  ከዚያ እኔንም መምህርቷንም ሳያዩ ተናገሩ።

«እውነቷን ነው። ከአበረ ወዲህ ያችን ቃል በወጉ አላልኋት። ትርጓሜዋን አውቃለሁ። ለሌላ ሰው ኀዘን ስደርስ እተረጉማታለሁ። ለራሴ ግን… አፌ ላይ እንደ ፍም ናት። በፍጥነት አልፋታለሁ። ላሚቱ ጠዋት ጠዋት ትታለባለች፤ ወተቱን ያቀርቡልኛል፤ ጾም ነው እላለሁ። ጾም ሳይሆንም ጾም ነው እላለሁ። ሰው ሁሉ የኔታ ጠንካራ ናቸው፣ አላለቀሱም ይላል። ምን አውቆ!»

መምህርቷ ጋቢውን አውልቃ በትከሻቸው ላይ መለሰችላቸው።  ናፍቆት እጃቸውን ያዘች። አባቷ ከቀረ ወዲህ ስሙን ከየኔታ አፍ መጀመሪያ የሰማችው ያን ጊዜ መሆኑን ኋላ ነው ያወቅሁት። ሽማግሌው ልጅቱ እንዳታዝን ብለው አያነሡትም፤ ልጅቱም ሽማግሌው እንዳይቆጡ ብላ አታነሣውም። ሁለቱም ዝም ብለው አንድ ቤት ውስጥ ይኖራሉ።

ዝናቡ አባራ። የኔታ ተነሡ፣ ልጅቱን በእጃቸው ይዘው፣ «ነገ እንገናኝ» ብቻ ብለው ሄዱ። ያስዘጋሉ ወይስ ይተዋሉ፣ አላወቅንም። ጥሩብርሃን ምን ይሻላል ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም እንደ ሱፐርቫይዘር አስተያየት ልሰጥ ብዬ፣ «ግራ ገብቶኛል» አልኋት። በሥራ ዘመኔ የሰጠሁት እውነተኛ አስተያየት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በማግሥቱ ከቅዳሴ በኋላ ሰበካ ጉባኤው ደጀ ሰላሙ ውስጥ ተሰበሰበ። ወላጆችም ነበሩ፤ ልጆቹም በር ላይ ተኮልኩለዋል። ነገሩን ሁሉም ሰምቶታልና ሁሉም የየኔታን አፍ ይጠብቃል። የጉባኤው ሊቀ መንበር አቶ ተገኘ የሩዝ ነጋዴ ናቸው፤ ችኩል ሰው ናቸው። «እንግዲህ የኔታ ይዘጋ ካሉ ይዘጋ፤ ወደ ጣራ ጥገናው እንለፍ» አሉ።

«ቆይ፣ ተገኘ። ጣራው የትም አይሄድም» አሉ የኔታ፣ በመቋሚያቸው ተደግፈው እየተነሡ። «ናፍቆት፣ ነይ ወደዚህ።»

ልጅቱ መጥታ አጠገባቸው ቆመች። የኔታ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መልሰው፣ አማተቡና፣ ቀስ ብለው ጀመሩ። «አድኅነኒ እግዚኦ፤ እስመ በጽሐኒ ማይ…»

ከዚያ ወዲያ አልወጣም። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ያን ሁሉ መጽሐፍ በቃላቸው የያዙ ሰው በሁለት ቃል ተያዙ።  አንዱ ዲያቆን ሊያቀብላቸው አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸምሁት።

«እስከ ነፍስየ» አለች ናፍቆት።

የኔታ አለቀሱ። ሰው ሁሉ እያየ፣ እንደ ልጅ አለቀሱ። ሴቶቹ ተከትለው አለቀሱ። አቶ ተገኘ እንኳ ጣራውን ረስተው ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ።

«ይኸውላችሁ» አሉ የኔታ ሲረጋጉ። «ቃሉን እኔ አስያዝኋት። ሲጠፋብኝ መለሰችልኝ። በቃሏ ባትይዘው ኖሮ አትመልስልኝም ነበር፤ ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ ዘንድ የማይመጣ ልጅ እሑድ እንዳይጽፍ! በልቧ ባይገባ ኖሮ ደግሞ መቼ እንደምታቀብለኝ አታውቅም ነበር። ጽሕፈቱ ይቀጥል። ላስዘጋው ያልሁት ፈርቼ ነው እንጂ ነገሩ ከፍቶ አይደለም። የተጻፈውንም እኔ እየሰማሁ፣ የተጣመመ ካለ አቃናለሁ።» ወደ በሩ ዞሩና ልጆቹን ተመለከቱ። «እናንተም ከእንግዲህ የእኔን ጥርስ መርገፍ እንዳትጽፉ!»

ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተሞላ።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ወዲህ ያየሁትን ልናገር። በደብሩ በቃል መያዙ አልቀረም፤ እንዲያውም ልጆቹ የሚጽፉበት ስለሆነ ከቀድሞው ይልቅ አጥብቀው ይይዙታል። ከጓደኛ መገልበጥ ቀርቷል፤ የሌላውን ኀዘን ማን ይገለብጣል? አንዱ ልጅ 'ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ' የሚለው ሲሰጠው ወንድሙን እንደማይወድ ጻፈ፤ እናቱ ሰምታ በዱላ ፋንታ ቁጭ ብላ አነጋገረችው። ወላጅ የልጁን ሆድ አወቀ፤ መምህር የት እንደሚያርም አወቀ። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ ልጆቻችን ብቅል ሳይቀምሱ የሚያወጡበት መንገድ አገኙ። እኔም ስለ ትምህርት የማውቀው ምን ያህል እንደሆነ ተጠራጥሬ፣ በምዞርባቸው ትምህርት ቤቶች ከመቆጣቴ በፊት ልጆቹን 'እናንተስ ምን ትላላችሁ?' ማለት ጀምሬአለሁ። የሚሉት አንዳንዴ ደስ አይልም። ቢሆንም እሰማለሁ።

ሁሉ ነገር ጠራልኝ ግን አልልም። ያን እሑድ ከደጀ ሰላሙ ወጥተን፣ በየኔታ ኋላ ኋላ ስሄድ፣ ናፍቆት እጃቸውን እየጎተተች ስትጠይቃቸው ሰማሁ።

«አባባ፣ ትናንት አልነገሩኝም። ኃጢአት ሠራሁ?»

«አልሠራሽም፣ ልጄ።»

«ታዲያ አባዬን ለምን ተወው?»

የኔታ ቆሙ። የጠየቀን ተማሪ ባዶ እጁን መልሰው አያውቁም። ርብ ከሩዙ ማሳ ባሻገር ደፍርሶ ሞልቶ ይሄዳል፤ ወደዚያ አዩ።

«አላውቅም» አሏት። እኔ ከፊደል ገበታ ጀምሮ ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምቼ አላውቅም። «አላውቅም፣ የእኔ ዓለም። ረቡዕ አጠገቤ ተቀመጪ፤ ሳንፈጥን አብረን እንጠይቀው። አሁን ግን ቤት እንግባ፤ ላሚቱ ሳትታለብ አትቀርም፣ ወተት አምጪልኝ።»